የሞዴል አይሮፕላን ክንፍ ከፎም እንዴት ይቈረጣል?

ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆኖ «ፀሐይ» የተባለችውን አይሮፕላን አዲስ አበባ ላይ የሠራት የጣሊያን ጦር በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ወደ ከተማዪቱ ከመግባቱ አስቀድሞ ነበር። ጣሊያኖች ወስደዋት ኖረው በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ስትመለስ ዜናውን ከቤተ ሰቤ ጋር ተቀምጬ ሰማሁ። ያን ዕለት «እኔስ በእጄ ምን መሥራት እችላለሁ?» የሚል ሐሳብ አደረብኝ። ይህችን አጭር ጽሑፍ ለትምህርት ቤታችን መጽሔት ለማቅረብ ምክንያት የሆነኝም ይኸው ነው።

የሠራሁት ሞተርም ሬድዮም የሌለው፣ በእጅ ተወርውሮ የሚንሳፈፍ አይሮፕላን ነው። ዋናው ችግር ክንፉ ነው። ክንፍ ጠፍጣፋ ጣውላ አይደለም፤ ከላይ ጐበጥ፣ ከኋላው ሳሳ ያለ ነው። እኔ የመረጥሁት ቅርጽ አሜሪካዊው ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1922 ያወጣው «ክላርክ ዋይ» የሚባለው ነው። ውፍረቱ የወርዱ 11.7 በመቶ ስለ ሆነ፣ ወርዱ 15 ሣንቲ ሜትር ቢሆን ውፍረቱ 1.75 ሣንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ሆዱ በአብዛኛው ቀጥ ያለ ስለ ሆነ ለጀማሪ ይመቻል።

ፎሙ ከቴሌቪዥንና ከፍሪጅ ካርቶን ውስጥ የሚወጣው ነጩ ነው፤ ከቆራሌው በትንሽ ገንዘብ ይገኛል። በቢላዋ ቢቈርጡት ይፈረፈራል። ስለዚህ የሚቈረጠው በጋለ ሽቦ ነው። ሽቦው ፎሙን ሳይነካው ከፊቱ እያቀለጠ ያልፋል። ለዚህ የሚሆነው ኒክሮም የተባለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ሽቦ ሲሆን፣ እኔ ከተበላሸ ምድጃ ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን 80 ሣንቲ ሜትር አወጣሁ። ሽቦውን እናቶቻችን ጥጥ እንደሚነድፉበት ደጋን ባለ እንጨት ላይ በሞላ ወጥሬ አሰርሁት፤ ሽቦ ሲግል ስለሚረዝም ሞላው እንዳይረግብ ይይዘዋል።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር ልናገር። ይህን ሽቦ በግድግዳው ሶኬት ላይ ለመሰካት አስቤ ነበር። ደግነቱ አስቀድሜ የፊዚክስ አስተማሪዬን አማከርሁ። እሳቸውም ምንም ሳይናገሩ ጠመኔ ሰጡኝና «አስላው» አሉኝ። የሽቦው ሬዚስታንስ 4.5 ኦም ያህል ነው። 220 ቮልት ለ4.5 ሲካፈል 49 አምፔር ግድም ይመጣል! ሽቦው ራቁቱን ስለ ሆነ የነካውን ሰው ይገድላል፤ ቤትም ያቃጥላል። በ12 ቮልት የመኪና ባትሪ ግን 2.7 አምፔር ብቻ ይሆናል፤ ለመቍረጥ በቂ ነው። በመስመሩም ላይ የ5 አምፔር ፊውዝ አገባሁበት። ክፍል ውስጥ ለፈተና ብቻ የምንሸመድደው የኦም ሕግ የሰው ሕይወት እንደሚያድን ያን ቀን ተረዳሁ።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ጢሱ ነው። ሥራው ከቤት ውጭ፣ ነፋስ ባለበት ይሁን። የፍራሽ ስፖንጅ ግን ፈጽሞ አይቈረጥበትም፤ ሲቃጠል እንደ ሲያናይድ ያለ መርዝ ያወጣልና።

የአቈራረጡ ሥርዓት እንዲህ ነው። የክንፉን ቅርጽ በሁለት የፎርማይካ ቍራጭ ላይ ሥሎ ማውጣት፤ አንዱ 15 ሣንቲ ሜትር ለክንፉ ሥር፣ ሌላው 10 ሣንቲ ሜትር ለጫፉ። ጠርዛቸውን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፤ ሽቦው ትንሽ ሻካራ ነገር ላይ ቢይዝ ክንፉ ላይ ቦይ ይቀራል። ከዚያ ሁለቱንም ከ0 እስከ 10 ከፋፍሎ ቍጥር መጻፍና በፎሙ ግራና ቀኝ በሚስማር ማያያዝ። ሁለት ሰው ደጋኑን ይዞ ከፊት ጠርዝ ወደ ኋላ ይስባል። በሥሩ በኩል ያለው 1.5 ሣንቲ ሜትር ሲሄድ በጫፉ በኩል ያለው 1 ሣንቲ ሜትር ብቻ መሄድ አለበት። ስለዚህ እኔና ታናሽ እኅቴ ስንስብ እናቴ «ሦስት… አራት…» እያሉ ይቈጥሩልን ነበር። የቸኰለ ሽቦው መኻል ላይ ይጐብጥበታል፤ የዘገየ ፎሙን ከልክ በላይ ያቀልጠዋል። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው እዚህ ላይ ይሠራል።

ክንፉን ለማያያዝ ነጭ የእንጨት ኮላ ይበቃል። ማስቲሽ፣ ቲነርና ቤንዚን ግን ፎሙን እንደ ስኳር ያሟሙታል። ለጥንካሬ ቀጭን የቀርከሃ ስንጣቂ በርዝመቱ ቀበርሁበት።

የመጀመሪያውን አይሮፕላን ከውጭ አገር በመጣ ሥዕል ልክ፣ እያንዳንዱን ክንፍ 40 ሣንቲ ሜትር አድርጌ ሠርቼ በሱሉልታ ሜዳ ወረወርሁት። ፈጥኖ ወርዶ አፍንጫው ተሰበረ። ጥፋቱ የእጄ መስሎኝ አዘንሁ። በኋላ ሳጠና ግን ምክንያቱ ሌላም እንደ ሆነ አገኘሁ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ሁሉም ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ናቸው። በ2500 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ በዚያው ፍጥነት የሚሰጠው ማንሻ ያንሳል። ስለዚህ ለባሕር ዳርቻ የተነደፈ ክንፍ እኛ ዘንድ ሩብ ያህል መጨመር አለበት። ሁለተኛውን 50 ሣንቲ ሜትር አደረግሁት፤ ክብደቱንም ከክንፉ ወርድ ሲሶ ላይ እንዲመዛዘን አፍንጫው ውስጥ ሚስማር ጨመርሁ። የመጀመሪያው 11 እርምጃ ሲሄድ ሁለተኛው 34 እርምጃ ተንሳፈፈ። እኅቴ ከኋላው እየሮጠች እልል አለች።

ውድ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች! የሌላውን አገር ሥዕል መቅዳት መልካም ነው፤ ነገር ግን የገዛ አገራችንን አየር መለካት የእኛ ፈንታ ነው። ወላጆቻችንም ጓሮው በፎም ፍርፋሪ ሲሞላ ስለ ታገሡን እናመሰግናቸዋለን፤ ጠርገንም እንገባለን።