የማዳበሪያው የበረሃ መንገድ

ለሰኔ እርሻ የሚጠበቀው ማዳበሪያ ከጅቡቲ ወደብ ተጭኖ በጋላፊ ይገባል፤ ቀጥሎም የአፋርን በረሃ ያቋርጣል። በዚህ ወቅት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል። የጋለ አስፋልትና ከባድ ጭነት ጎማ ስለሚያፈነዱ በሌሊት መንዳትን የሚመርጡ አሽከርካሪዎች አሉ፤ በጨለማ ግን መንገድ የሚያቋርጥ ግመል ዘግይቶ ይታያል።

ሚሌ ላይ መንገዱ ይከፈላል። አንዱ በገዋኔ ወደ አዋሽ ያመራል፤ የወሎ አርሶ አደር የሚጠብቀው ግን በባቲ ወደ ኮምቦልቻ የሚወጣውን ነው። አቀበቱ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ነው።

ለዩሪያው የሚያሰጋው ታዲያ ደረቁ በረሃ ሳይሆን ከአቀበቱ በላይ የሚጠብቀው ዝናብ ነው። ዩሪያ እርጥበት ይስባል፤ መልሶ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ሸራው በሚገባ መታሰር ያለበት ባቲ ሳይደረስ ነው። የጠጠረ ዩሪያ ሳይፈጭ በእጅ እኩል አይበተንም።