«ሣጥኑን ክፈት»፦ በጽሑፍ ብቻ የሚሄደው የኮምፒውተር ጨዋታ

ሥዕል የለውም፤ ሙዚቃም የለውም። ጨዋታው ሲጀመር ስክሪኑ ላይ የሚነበበው ይህን የመሰለ ጽሑፍ ነው፦

«ሱሉልታ ሜዳ ላይ ቆመሃል። በስተደቡብ የእንጦጦ ተራራ ጭጋግ ለብሷል። እግርህ ሥር አንድ ሣጥን አለ።»

ተጫዋቹ «ሣጥኑን ክፈት» ብሎ ይጽፋል። ኮምፒውተሩ «ተቆልፏል» ይለዋል። እንግዲህ ቁልፉ የት ይሆን? ተራራውን ተሻግሮ አዲስ አበባ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ ቢሄድ ቡራዩ፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ ቢሄድ ሰበታ ይደርሳል። ሌላውን ሁሉ የሚሞላው የራሱ ምናብ ነው።

ይህን ናሙና የጻፍነው ለማሳያ ነው። የጨዋታው ዓይነት ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ዕድሜ አለው። ጀማሪው ዊል ክራውዘር የኢንተርኔት ቀዳሚ በሆነው አርፓኔት ላይ የሠራ አሜሪካዊ ፕሮግራመር ነበር። ትርፍ ጊዜውን የሚያሳልፈው ዋሻ በመፈተሽ ስለነበር፣ በኬንታኪ የሚገኘውን የማሞዝ ዋሻ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ከባለቤቱ ጋር ከተፋታ በኋላ ልጆቹን የሚያጫውትበት ነገር ሲፈልግ ያንኑ ዋሻ ፎርትራን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጨዋታ አድርጎ ጻፈው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1976 ከሰው እጅ ገባ፤ በ1977 ደግሞ የስታንፎርዱ ዶን ዉድስ አስፈቅዶ አሰፋው። በዚያው ዓመት የኤምአይቲ ወጣቶች «ዞርክ» የተባለውን ጨዋታ ጀመሩ፤ በ1979ም ኢንፎኮም የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል። ዓለሙ በ«ክፍሎች» ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል መግለጫ፣ ዕቃዎችና መውጫዎች አሉት። ተጫዋቹ የጻፈውን ትእዛዝ አንድ የፕሮግራሙ ክፍል ይበትነዋል፦ ድርጊቱ የትኛው ነው፣ የሚደረገውስ በምን ላይ ነው? ኢንፎኮም ጨዋታዎቹን ለየኮምፒውተሩ እንደገና ከመጻፍ ይልቅ «ዜድ ማሽን» ለተባለ ምናባዊ ኮምፒውተር ጻፋቸው። ለአዲስ መሣሪያ ዜድ ማሽንን ብቻ ማዘጋጀት በቂ ስለሆነ፣ የዚያ ዘመን ጨዋታዎች ዛሬ በሞባይል ስልክ ይሠራሉ። የቀድሞዎቹ ፋይሎች እያንዳንዳቸው ከ128 ኪሎባይት አይበልጡም።

ሥዕል ያላቸው ጨዋታዎች ገበያውን ሲወስዱ ኢንፎኮም እ.ኤ.አ. በ1989 ተዘጋ፤ ወዳጆቹ ግን አልተበተኑም። ግራሃም ኔልሰን በ1993 «ኢንፎርም» የተባለውን የጨዋታ መጻፊያ በነፃ አወጣ፤ ከ1995 ጀምሮም አዳዲስ ሥራዎች የሚቀርቡበት ውድድር በየዓመቱ ይካሄዳል። ሰዉን የያዘው፣ እንቆቅልሽ ሰው የሚይዝበት ያው ነገር ነው፤ መልሱን እስኪያገኝ እንቅልፍ አይወስደውም፣ «አገር ስጠኝ» ከመባልም ራሱ ቢደክም ይመርጣል።

ጨዋታው ለመቆየቱ ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህኛው በተለይ ሰበታን ይመለከታል። ከተማዋ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተከፈተው የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት መገኛ ናት። አብዛኛው የኮምፒውተር ጨዋታ ለዓይን የተሠራ በመሆኑ ማየት የተሳነውን ሰው ደጅ ያስቀረዋል። የጽሑፍ ጨዋታን ግን እንደ ጃውስ እና ኤንቪዲኤ ያሉ ስክሪን አንባቢዎች ቃል በቃል ያነቡታል። የሚያየውም የማያየውም የሚያገኘው መረጃ አንድ ነው፤ ማንም የማንንም እገዛ አይፈልግም። በዓለም ዙሪያ ይህን ጨዋታ ካቆዩት መካከል ማየት የተሳናቸው ተጫዋቾች የሚቆጠሩትም ለዚህ ነው።

በአማርኛ ለመሥራት የሚነሣ ሰው ራሱን የቻለ ሥራ ይጠብቀዋል። የእንግሊዝኛው ትእዛዝ ግሡን ያስቀድማል፤ የእኛ ግሥ መጨረሻ ይመጣል። ተጫዋቹ «ሣጥኑን ክፈት» ሊል ይችላል፤ «ክፈተው» ብሎ በአንድ ቃልም ይጨርሰዋል። «ፀሐይ» ብሎ የሚጽፍ አለ፣ «ጸሀይ» የሚልም አለ፤ ፕሮግራሙ ሁለቱንም መቀበል አለበት። ተጫዋቿ ሴት ስትሆን «ቆመሃል» ወደ «ቆመሻል» መቀየር ይኖርበታል። የፊደሉም ጉዳይ አለ፦ ዜድ ማሽን ከላቲኑ ውጭ የሚመዘግበው 97 ፊደል ብቻ ሲሆን፣ የአማርኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው። ደግነቱ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ የዜድ ማሽን ተተኪ የሆነው «ግሉልክስ»ም ዩኒኮድን ይቀበላል። ከኤንቪዲኤ ጋር የሚመጣው ኢስፒክ ኤንጂ የተባለ ድምፅም አማርኛ ያነባል።

ስለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ ወይም የሠዓሊዎች ቡድን አይደለም። ፕሮግራም የሚጽፍ አንድ ሰውና አማርኛው የሚጥም አንድ ጸሐፊ ይበቃሉ። ከሰበታ፣ ከቡራዩ ወይም ከሱሉልታ ይህን የምታነቡ ወጣት ፕሮግራመሮች፣ አሥር ክፍል ባለው ትንሽ ጨዋታ ጀምሩ። ስትጨርሱም መጀመሪያ የሚፈትኑት በጆሯቸው የሚያነቡ ሰዎች ይሁኑ፤ የጽሑፉን ድክመት ከእነርሱ ቀድሞ የሚያገኝ የለም።