የሚያጣብቅ እድፍ እንዴት ይለቃል?

በቡሬ፣ በማንኩሳና በፍኖተ ሰላም ገላ መታጠቢያ ቦታ ያላቸው ቤቶች አሉ። አንዳንዱ ወለሉ በሲሚንቶ የተለሰነ ነው። አንዳንዱ ጓሮ ውስጥ በቆርቆሮ የተከለለ ነው። ችግራቸው ግን አንድ ነው።

ራስ በቅቤ ይቀባል። ገላ በሳሙና ይታጠባል። ቅቤውና ሳሙናው ሁሉም ከውሃው ጋር አይሄድም። ጥቂቱ በወለሉ፣ በግድግዳውና በሳፋው ላይ ይቀራል። አቧራ ያርፍበታል። ሲቆይ ይወፍራል፤ እጅ ላይ ይጣበቃል፤ እግር ያዳልጣል። ሽማግሌ ወይም እርጉዝ ሴት ቢወድቁ ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

ታዲያ እንዴት ይለቃል? እድፉ ሁለት ዓይነት ነው። ማጽጃውም ሁለት ነው።

የቅቤ እድፍ በአመድ ይለቃል። በመጀመሪያ በእንጨት ፋቁት። ሙቅ ውሃ አፍስሱበት። የተነፋ አመድ ነስንሳችሁ በጭድ ፈትጉት። አመድ ቅባትን ወደ ሳሙናነት ይለውጣል። እናቶቻችን ድስት በአመድ ሲፈትጉ የኖሩት ያለ ምክንያት አይደለም። አመድ እጅ ያደርቃልና ስትጨርሱ ታጠቡ።

ነጩ የሳሙና ቅርፊት ግን በአመድ አይለቅም። ይህ ሳሙናው ውሃ ውስጥ ካለ ኖራ ጋር ተያይዞ የሚሠራው ነው። በሎሚ እሹት። ጥቂት ቆይታችሁ በብዙ ውሃ እጠቡት። ሎሚ ሲቆይ ሲሚንቶ ይበላል።

የሚያጸዳ ነገር ጉልበት አለው። እንዶድን ተመልከቱ። ልብስ ያነጻል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ አንድ ነገር አዩ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነበር።

በረኪናም እንዲሁ ጉልበተኛ ነው። በውሃ ብቻ ቀጥነው ሲጠቀሙበት ያጸዳል። ሎሚ ወይም አቼቶ ሲነካው ግን ክሎሪን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ እ.ኤ.አ. በ1915 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮችን ፈጅቷል። መታጠቢያ ቤት ደግሞ ጠባብ ነው። ስለዚህ በረኪናን ከምንም ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ። ዓይን ካቃጠለ፣ ሳል ከያዘ፣ ሁሉን ትታችሁ ወደ ውጭ ውጡ። ትንፋሽ ካጠረ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ሌላም አደጋ አለ። በረኪና በባዶ የውሃ ፕላስቲክ ይገለበጣል። ውሃ ይመስላል። የጠማው ልጅ ያነሣዋል። ልጅ ከጠጣው እንዲያስመልስ አታስገድዱት። ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

መጻፍ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ወረቀት ቁረጡ። በትልልቁ «በረኪና ነው። አይጠጣም።» ብላችሁ ጻፉ። በፕላስቲኩ ላይ ለጥፉት። ፊደል ያልቆጠረ ሕፃንም ቤት ውስጥ አለና ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

ጥያቄ
1. የቅቤ እድፍ በምን ይለቃል?
2. ሎሚ ከምን ጋር መቀላቀል የለበትም? ለምን?
3. በቤታችሁ ስሙ ያልተጻፈበት ዕቃ የትኛው ነው? ዛሬውኑ ጻፉበት።