ሌላው የማይሰማውን የምትሰማ ጀግና

ጭጋግ በዋጠው ወንዝ ላይ አንዲት ወጣት ከግንድ በተፈለፈለ ታንኳ ብቻዋን ትቀዝፋለች። ወገቧ ላይ በጨርቅ ተጠቅልሎ የተንጠለጠለው የተገደለ ፍቅረኛዋ ራስ ነው። የጆሮ ማዳመጫ ያጠለቀ ተጫዋች ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ልብ የሚለው ድምፆቹን ነው። አንዷ ከግራ ጆሮው ሥር ታንሾካሹካለች፤ ሌላዋ ከኋላው ትሳለቃለች፤ ሦስተኛዋ ወጣቷ ወደ መጣችበት እንድትመለስ ትወተውታለች። ታንኳዋ ላይ ከወጣቷ በቀር ማንም የለም።

«ሄልብሌድ፦ ሴኑዋስ ሳክሪፋይስ» የተባለው ይህ የቪዲዮ ጌም እ.ኤ.አ. ኦገስት 8 ቀን 2017 ለገበያ ቀረበ። የሠራው መቀመጫውን እንግሊዝ ካምብሪጅ ያደረገው ኒንጃ ቲዎሪ የተባለ ኩባንያ ነው። በዚህ ደረጃ የሚሠሩ ጌሞች ብዙ ጊዜ መቶዎችን ያሰማራሉ፤ ይህን ግን 20 ያህል ሰዎች፣ ያለ አሳታሚ ኩባንያ ሠርተው ጨረሱት። ዋጋውም የታላላቆቹ ጌሞች ግማሽ፣ 30 ዶላር ገደማ ነበር። ታሪኩ በ8ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የሚካሄድ ሲሆን፣ ሴኑዋ ዛሬ የስኮትላንድ አካል በሆኑት የኦርክኒ ደሴቶች የኖረች የፒክት ሕዝብ ተዋጊ ናት። ከባሕር የመጡ የሰሜን ወራሪዎች ወገኖቿን ጨርሰው ፍቅረኛዋን ለአማልክቶቻቸው ስለሠዉት፣ ነፍሱን ልታስመልስ ወደ ሙታን ምድር ትወርዳለች።

የዘመናችን ሐኪም ሴኑዋን ቢያያት ሳይኮሲስ አለባት ይል ነበር። ሳይኮሲስ ሰው ከእውነታው ጋር ያለው ግንኙነት የሚላላበት ሁኔታ ነው፤ ሌላው የማይሰማውን መስማት፣ የሌለውን ማየት፣ ማስረጃ የማይበግረው እምነት መያዝ ከምልክቶቹ መካከል ናቸው። በሴኑዋ ዘመን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። እናቷም ድምፅ ትሰማ ነበር። የሃይማኖት መሪ የሆነው አባቷ ነገሩን እርግማን ብሎ ደመደመና ልጁን ከሰው አርቆ ዘጋባት። ጌሙ ከተጫዋቹ ፊት ቀስ በቀስ የሚገልጠው እውነት፣ ከድምፆቹ ይልቅ የከፋባት ይህ የአባቷ አያያዝ መሆኑን ነው።

ዳይሬክተሩ ታሚም አንቶኒያደስ ይህን ሁሉ ከራሱ ግምት አልጻፈውም። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሐኪምና ተመራማሪ ፕሮፌሰር ፖል ፍሌቸር አማካሪ ሆነው ገቡ፤ ዌልካም ትረስት የተባለው የብሪታንያ የጤና ምርምር ድርጅትም ሥራውን ደገፈ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። ራሳቸው ሳይኮሲስን ያሳለፉ ሰዎች ገና በጅምር ላይ የነበረውን ሥራ እያዩ፣ ይህ ልክ ነው፣ ያኛው አይደለም እያሉ አስተያየት ሰጡ።

የድምፁ አሠራር ለብቻው ሊነገርለት የሚገባ ነው። ከግራ በኩል የሚመጣ ድምፅ ግራ ጆሮ ጋ የሚደርሰው ቀኙ ጋ ከመድረሱ ከአንድ ሺህኛ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ቀድሞ ነው። አእምሮ ይህችን ቅንጣት ልዩነት፣ የድምፁን ጉልበትና የጆሮ ቅጠል በድምፁ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ አንድ ላይ አስልቶ አቅጣጫውን ያውቃል። የጌሙ ባለሙያዎች በሰው ጆሮ አቀማመጥ ልክ ሁለት ማይክሮፎን የተተከለበት መቅጃ ተጠቀሙ፤ ተዋንያኑም በዙሪያው እየተመላለሱ፣ አንዴ ጠጋ አንዴ ራቅ እያሉ አንሾካሾኩ። በስፒከር ከተሰማ ይህ ሁሉ ይጠፋል። በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ ግን ድምፁ ከትከሻ ጀርባ የቆመ ሰው ድምፅ ይሆናል፤ ብዙዎች ዘወር ብለው ለማየት ይቃጣቸዋል።

ድምፆቹ የሚናገሩትም ዘፈቀደ አይደለም። ስለ ሴኑዋ እርስ በርስ ይከራከራሉ፤ የምታደርገውን እየተከታተሉ ይተቻሉ። ጀርመናዊው ሐኪም ኩርት ሽናይደር በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሳይኮሲስ የሚታይበት የስኪዞፍሬኒያ ሕመም ዋነኛ ምልክቶች ብሎ ከዘረዘራቸው መካከል እነዚህ ሁለቱ ይገኛሉ። ጌሙ ከሐኪም መጽሐፍ አልፎ የሚሄደው በውጊያው ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ ጤናን የሚያሳይ መስመርም ሆነ ካርታ የለም፤ ጠላት ከኋላ ሲሰነዝር የሚያስጠነቅቁት ድምፆቹ ናቸው። ሲሰድቧት የቆዩት እነዚያው ድምፆች ሕይወቷን ያተርፋሉ። ዝም ቢሉለት ሲመኝ የነበረው ተጫዋች ሳያውቀው ጆሮውን ያቆምላቸዋል። ከጌሙ ሁሉ የላቀው ፈጠራ ይህ ይመስላል፤ ድምፅ የሚሰሙ ሰዎች ከድምፃቸው ጋር ያላቸው ግንኙነት ፍርሃት ብቻ አለመሆኑን ያለ አንዲት ማብራሪያ ያስተምራል።

ለመሆኑ ማንም ሳይናገር ድምፅ ከየት ይመጣል? እ.ኤ.አ. በ1993 የለንደን ተመራማሪዎች ድምፅ የሚሰሙ ሕሙማንን አእምሮ ሲመረምሩ፣ ድምፁ በሚሰማቸው ሰዓት ብሮካ በተባለው፣ ንግግርን በሚያመነጨው የአእምሮ ክፍል የደም ዝውውር ጨምሮ አገኙት። አንዱ ማብራሪያ እንግዲህ ይህ ነው፦ ሰውየው የሚሰማው የራሱን የውስጥ ንግግር ነው፤ የራሱ መሆኑን ግን አእምሮው አላወቀለትም።

ሌላው ማብራሪያ ከግምት ይነሳል። አእምሮ ዓለምን እንደ ካሜራ አይቀዳም፤ ከዓይንና ከጆሮ የሚመጣው መረጃ ጎዶሎ ስለሆነ ቀድሞ በሚያውቀው ይሞላዋል። ሕፃኗን አስተኝታ ሻወር የገባች እናት በውሃው ድምፅ ውስጥ የልጇን ለቅሶ ትሰማለች፤ ወጥታ ስታይ ልጅቷ ተኝታለች። እናቲቱ ጤነኛ ናት፤ ግምቷ ለአፍታ ከጆሮዋ በለጠ እንጂ። ፍሌቸርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ የሳይኮሲስ ጅምር ምልክት የታየባቸው ሰዎች በጥቁርና ነጭ ጠብታ ብቻ የተሠሩ ግራ የሚያጋቡ ሥዕሎችን፣ ትክክለኛውን ፎቶ ቀድመው ካዩ በኋላ ከሌላው ሰው በተሻለ መለየት ቻሉ። ቀድሞ የሚያውቁት ነገር በሚያዩት ላይ የበለጠ ሥልጣን ነበረው ማለት ነው። በዚህ ፈተና ሕመሙ ጉድለት ሆኖ አልታየም፤ ብልጫ አስገኘ።

ጌሙ በወጣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ተመሳሳይ ውጤት ይዘው ብቅ አሉ። ተሳታፊዎቹ አንድ ምስል በታየ ቁጥር ድምፅ እንዲጠብቁ ተለማመዱ፤ ከዚያ ምስሉ ያለ ድምፅ ቀረበላቸው። ሁሉም ዓይነት ሰው የሌለ ድምፅ መስማቱ አልቀረም፤ በዕለት ኑሯቸው ድምፅ የሚሰሙት ግን እጅግ አብዝተው ሰሙ። ከእነዚህ መካከል ሕመም የሌለባቸው፣ የሚሰሙትን ድምፅ እንደ ጸጋ የሚቆጥሩ ሰዎችም ነበሩ።

ይህ ሳይንስ ሄልብሌድ ውስጥ እንቆቅልሽ ሆኖ ገብቷል። የተዘጋ በር ላይ ጥንታዊ ፊደል ይበራል፤ ሴኑዋ የዚያን ፊደል ቅርጽ በዙሪያዋ መፈለግ አለባት። ሁለት የተሰበሩ ምሰሶዎች ከአንድ ልዩ ስፍራ ሲታዩ ይጋጠማሉ፤ ቅርንጫፍና ጥላ ተደራርበው ፊደሉን ይሠራሉ፤ በሩም ይከፈታል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተጫዋቹ በየግድግዳው ስንጥቅ ላይ ምልክት ማየት ይጀምራል፤ ትርጉም በሌለው ነገር ትርጉም ማየት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ በራሱ ዓይን ያየዋል።

ጌሙ አንድ ተንኮልም አለው። ሴኑዋ በተሸነፈች ቁጥር ክንዷ ላይ ያለው ጥቁር ብስባሽ ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ ራሷ ከደረሰ ደግሞ ተጫዋቹ እስከዚያ የሠራው ሁሉ እንደሚጠፋ መጀመሪያ ላይ ያስጠነቅቃል። ደጋግመው ሞክረው ያዩ ተጫዋቾች ግን ምንም እንደማይጠፋ ደረሱበት። ተታለልን ብለው የተቆጡ ነበሩ። ቁጣቸው ይገባል፤ ነገር ግን እውነት ባልሆነ ዛቻ ሲፈሩ የቆዩባቸው ሰዓታት ሴኑዋን ከማንኛውም ትዕይንት በላይ ሳያቀርቧቸው አልቀሩም።

ሙገሳው ግን ጥያቄ አያጣም። የአእምሮ ሕመም ያለባት ሰው ሰይፍ ይዛ መታየቷ፣ ሕመሙን ከጥቃት ጋር የሚያያይዘውን የቆየ ጥርጣሬ አያጠናክርም ወይ ያሉ አሉ። ሌላው ጥያቄ ከምርምር የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው፣ ሰዎች በተቀረጸ ድምፅ አማካይነት ሳይኮሲስን «እንዲቀምሱ» ሲደረግ ርኅራኄያቸው ይጨምራል፤ ከሕሙማኑ የመራቅ ፍላጎታቸውም አብሮ ይጨምራል። ለአርባ ደቂቃ በጆሮ ውስጥ ስድብ ሲሰማ የቆየ ሰው ቢደነግጥ አያስገርምም። እ.ኤ.አ. በ2020 ሄልብሌድን ይዞ የተሠራ ጥናት ልዩነቱ የት እንዳለ ይጠቁማል፤ የመራቅ ፍላጎት የሚቀንሰው ተጫዋቹ ራሱን ከገጸ ባሕሪዋ ጋር አንድ ባደረገ መጠን ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራ የሕመሙን አስፈሪነት ማሳየት አይደለም፤ ሴኑዋ የምትወድ፣ የምትናደድ፣ ዓላማ ያላት ሰው ሆና መገኘቷ ነው።

ድምፆቹ ራሳቸውም ቢሆኑ በሁሉም ሀገር አንድ ዓይነት አይደሉም። አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ታንያ ለርማን ከካሊፎርኒያ፣ ከጋናዋ አክራና ከሕንዷ ቼናይ ድምፅ የሚሰሙ ሃያ ሃያ ሕሙማንን አነጋግራ ነበር። አሜሪካውያኑ ስለ ጥቃትና ስለ ጦርነት የሚያወሩ ድምፆችን አብዝተው ጠቀሱ፤ በአክራ ብዙዎች የእግዚአብሔርን ድምፅ እንደሚሰሙ ተናገሩ፤ በቼናይ ደግሞ የሚመክርና የሚቆጣ የዘመድ ድምፅ በዛ። የሴኑዋ ድምፆች በአማልክትና በአባቷ ቃል መሞላታቸው ከዚህ ጋር ይገጥማል።

የአእምሮ ሕመምን በጌም ለማሳየት ግን ግዙፍ ሥዕልና ድምፅ የግድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ዞይ ክዊን ከባልደረቦቿ ጋር የሠራችው «ዲፕሬሽን ክዌስት» የተባለ ጌም ከሞላ ጎደል ጽሑፍ ብቻ ነው። ድባቴ ያለበት ሰው ከፊቱ ምርጫዎች ይደረደራሉ፤ ጓደኞቹ ጋር ሄዶ መዝናናት የመሰሉት ጤናማዎቹ ግን መስመር ተሰርዞባቸዋል። ተጫዋቹ ያነባቸዋል፤ ሊጫናቸው አይችልም። «ተነስና ወጣ በል» የሚል ምክር ለምን እንደማይሠራ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ጌም ማግኘት ይከብዳል።

ሄልብሌድ እ.ኤ.አ. በ2018 ባፍታ ከተባሉት የብሪታንያ ሽልማቶች አምስቱን ወሰደ። አንዱ ሴኑዋን ሆና የተወነችው የሜሊና ዩርገንስ ነው፤ ኩባንያው ውስጥ ቪዲዮ አቀናባሪ ነበረች፣ ለሙከራ ያህል ሴኑዋን ስትተካ ቆይታ ሚናው የእሷ ሆኖ ቀረ። በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት ኩባንያውን ገዛው። ሁለተኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ሲወጣ ፍሌቸር በአማካሪነት አብረው ነበሩ። ሴኑዋ አይስላንድ ደርሳለች፤ አሁንም ድምፅ ትሰማለች፤ ይህን ጊዜ ግን ሌሎችን ትመራለች።