ኩላሊት ይጨርሳል የተባለው ኪኒን

«የግፊት ኪኒን ኩላሊት ይጨርሳል» ሲባል ያልሰማ ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል። ወሬው የተነሣው ከእውነት አጠገብ ስለሆነ በቀላሉ አይነቀልም። ስኳር ያለበት ሰው ሽንቱ ውስጥ ፕሮቲን ይገኝና ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን የተባለ የግፊት ኪኒን ይታዘዝለታል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደሙ ሲመረመር ኩላሊት አጣርቶ የሚያስወግደው ክሬቲኒን የተባለው ቆሻሻ ትንሽ ጨምሯል። «አላልኩህም!» ይላል ጎረቤት። ኪኒኑ ይጣላል።

የሆነው ግን ሌላ ነው። በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። ደም በአንድ ቀጭን ሥር ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። አንጂዮቴንሲን የተባለው ንጥረ ነገር መውጫውን ሲያጠበው በማጣሪያው ውስጥ ግፊት ይበረታል፤ ወንፊቱ ይጎዳል፤ ደም ውስጥ መቅረት የነበረበት አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ሾልኮ ከሽንት ጋር ይወጣል። እነዚህ መድኃኒቶች መውጫውን ያሰፋሉ። ግፊቱ ሲረግብ የሚጣራው መጠን መጀመሪያ ላይ ጥቂት ስለሚቀንስ ክሬቲኒን ከፍ ይላል። ጭማሪው ከ30 በመቶ ካላለፈና ከረጋ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ይቀጥላል። ካለፈ ወይም ፖታሲየም ከበዛ ሐኪሙ ምክንያቱን ይፈልጋል፤ ከተጀመረ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ የደም ምርመራ የሚደረገውም ለዚሁ ነው። ይህን ቀጠሮ ማንም እንዲያልፈው አልፈልግም።

እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው የሎሳርታን ጥናት 1,513 የሁለተኛው ዓይነት ስኳር ሕመምተኞችን ተከታትሎ ነበር። መድኃኒቱን በወሰዱት ዘንድ በሽንት የሚወጣው ፕሮቲን በ35 በመቶ፣ ኩላሊት እስከ መጨረሻው የመድከሙ ዕድል ደግሞ በ28 በመቶ ቀንሷል። ጥቅሙም የደም ግፊትን ዝቅ በማድረግ ብቻ የመጣ አልነበረም። ስለዚህ «ግፊቴ 120 በ80 ነው፤ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ማቋረጥ አያዋጣም፤ ኪኒኑ የታዘዘው ለፕሮቲኑም ጭምር ሊሆን ይችላልና።

«የወጣውን ፕሮቲን በእንቁላልና በሥጋ ልተካ» የሚሉም አሉ። ከልክ ያለፈ ፕሮቲን የደከመውን ማጣሪያ የባሰ ያሠራዋል እንጂ ቀዳዳውን አይደፍንም። «ሁለቱንም ኪኒን አብሬ ብወስድ ይበልጥ ይጠቅመኛል» የሚለውም ስሕተት ነው፤ ኢናላፕሪልና ሎሳርታን ሲደረቡ ፖታሲየም ይጨምራል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ካመጣ ሎሳርታን ሊተካው ይችላል። ከንፈር ወይም ፊት ካበጠ ግን ወዲያው ሆስፒታል መሄድ ነው። እርጉዝ የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ቀድማ ለሐኪሟ ትንገር፤ ሁለቱም ፅንስን ይጎዳሉ። ተቅማጥና ትውከት ሲበረታም ለጊዜው ይቋረጥ እንደሆነ ሐኪም መጠየቅ ያስፈልጋል።

እኔን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ወገብ ሲያም የሚሆነው ነው። «ኩላሊቴን አመመኝ» ይባልና ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይገዛል። ፕሮቲን የሚያፈሰው ኩላሊት ግን አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ የሚታወቀው በሽንት ምርመራ ነው። ማስታገሻዎቹ ደግሞ ወደ ኩላሊት የሚገባውን ደም ይቀንሳሉ። ኩላሊቴን ይጎዳብኛል ብሎ ኢናላፕሪሉን ያቆመው ሰው፣ ለኩላሊቴ ብሎ የሚውጠው ይህንን ነው።