ሙታንታው ለምን ከላይ ሆነ?

የኮሚክስ (በሥዕል የሚተረክ ታሪክ) ጀግናው ሱፐርማን እ.ኤ.አ. በ1938 በአክሽን ኮሚክስ መጽሔት የመጀመሪያ እትም ላይ ለብሶት የወጣው ልብስ እስከ ዛሬ ያስቃል። ከገላው የተጣበቀ ሰማያዊ ልብስ፣ በላዩ ቀይ ሙታንታ፣ ከትከሻው የሚወርድ ቀይ ካባ፣ ደረቱ ላይ አንድ ፊደል። ዓለምን የሚያድን ሰው ሙታንታውን ከሱሪው በላይ ለምን ይለብሳል? ጥያቄው ለቀልድ የተነሣ ቢመስልም መልስ አለው። ያ መልስ ደግሞ ጃናሞራ ውስጥ ያለችውን የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ለማንበብ ይረዳናል።

የሱፐርማን ፈጣሪዎች ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር ባደጉበት ዘመን የሰርከስ ጉልበተኞች በጥብቅ ልብስ ላይ አጭር ቁምጣ ደርበው ይታዩ ነበር። ስለዚህ ያን አለባበስ ያየ አንባቢ ወዲያው «ይህ ኃይለኛ ሰው ነው» ይላል እንጂ አይደነግጥም። ሁለተኛው ምክንያት ማተሚያ ቤቱ ነው። መጽሔቱ የሚታተመው በርካሽ ሻካራ ወረቀት ላይ፣ በሦስት ቀለማትና በጥቁር ብቻ ነበር። ገላው ሁሉ ሰማያዊ ቢሆን በትንሿ የሥዕል ሣጥን ውስጥ እግሩና ወገቡ ተደባልቆ አንድ ሰማያዊ ጉብታ ይሆናል፤ ቀዩ ሙታንታ ሰውነቱን ከፍሎ ያሳያል። ካባው ደግሞ በማይንቀሳቀስ ሥዕል ላይ ወዴት እንደሚሄድ ይናገራል። የደረቱ ፊደል ፊቱ የጤፍ ፍሬ ያህል ሲያንስም ማንነቱን ያስታውቃል። የቀለሙ ችግር የዋዛ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ግራጫ ሆኖ የተፈጠረው ሌላው የኮሚክስ ገጸ ባሕርይ ሀልክ አረንጓዴ የሆነው ግራጫው ከገጽ ገጽ እየተለዋወጠ ስላስቸገረ ነው።

አሁን ወደ ሰሜን ተራሮች እንምጣ። ደረስጌ ማርያምን ያሠሩት የሰሜንና የትግሬ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው። ሊነግሡባት ያሰቧት ይህች ቤተ ክርስቲያን ግን በየካቲት 1847 ዓ.ም. ውቤን ድል ያደረጉት ካሣ ኃይሉ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉባት ሆነች። ብዙ ሰው የሚያውቃት በዚህ ታሪክ ነው። ደረስጌ ግን የሥዕል ቤትም ናት፤ ግድግዳዋ በሥዕል ያጌጠ ነው፣ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በሥዕል የሚተርክ ብራናም አላት።

በፊልምና በፎቶግራፍ ያደገ የዳባት ወይም የደባርቅ ወጣት እንዲህ ያለ የቆየ ሥዕል ፊት ቢቆም ፈገግ ሊል ይችላል። ዐይኖቹ ከልክ በላይ ትልልቅ ናቸው። ጻድቃኑ ሁሉ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ክፉ የተባለው ሁሉ በጎኑ ተስሎ አንድ ዐይኑ ብቻ ይታያል። በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት እንዲያውም የፈርዖን ሠራዊት ጠመንጃውን እንደያዘ ባሕር ሲሰጥም ይታያል።

እያንዳንዱ ግን ሥራ አለው። ሥዕሉ የተሣለው አብዛኛው ሰው ፊደል ባልቆጠረበት ዘመን፣ ብርሃን በሚያንስበት ቤት ውስጥ፣ ከሩቅ ለሚያይ ምእመን ነው። ያ ምእመን ማን ቅዱስ፣ ማን ከሓዲ እንደሆነ በአንድ እይታ መለየት አለበት። በሁለት ዐይኑ ፊት ለፊት የሚያይ ቅዱስ የሚጸልየውን ሰው ይመለከታል፤ በጎኑ የተሣለው ክፉ ግን ከማንም ጋር ዐይን ለዐይን አይገጥምም። ጠመንጃውም ሠዓሊው የፈርዖንን ዘመን ስለሳተ የገባ አድርጌ አላየውም፤ ለተመልካቹ «ሠራዊት» ማለት ነፍጥ የያዘ ነውና በሚያውቀው ነገር ነገረው። ይኸው ሥርዓት በዐድዋ ጦርነት ሥዕሎች ላይም ይሠራል፦ የእኛ ወገን በሁለት ዐይን፣ ጣሊያኑ በአንድ ዐይን፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ በነጭ ፈረስ። የንግሥተ ሳባ ታሪክማ ብዙ ጊዜ በ44 ትናንሽ ሣጥኖች ተከፍሎ፣ ከየሣጥኑ ጋር ጽሑፍ ታክሎበት ስለሚሣል ከኮሚክስ ገጽ ጋር አንድ ዓይነት አሠራር አለው።

«ሌላ መንገድ ስላላወቁ ነው» የሚል ክርክር አያስኬድም። እ.ኤ.አ. በ1590 እና 1591 ሮም ላይ የታተመው የዓረብኛ ወንጌል ሥዕሎች በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደር ደርሰው ነበር። ሠዓሊዎቹ የሥዕሎቹን አቀማመጥ ወስደው ፊቱንና ቀለሙን በራሳቸው ሥርዓት መለሱት። አይተው መረጡ ማለት ነው።

በአገራችን አለባበሱም እንዲሁ ነው። የጦር ሰው ለምድና ከአንበሳ ጎፈር የተሠራ የራስ ጌጥ ለሙቀት የሚለበስ አልነበረም፤ ግዳይ የጣለውን ካልጣለው ይለያል። አንበሳ ያልገደለ ሰው ጎፈር ደፍቶ አደባባይ ቢወጣ መሳቂያ በሆነ ነበር። ተፈጥሮም ይህን ታውቃለች። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚኖረው ወንድ ጭላዳ ከትከሻው ጎፈር ያወርዳል፣ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት አለው። በዚያው ፓርክ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ምርምር እንዳሳየው ሴቶቹን የሚመራው ወንድ ደረት ከሌሎቹ ወንዶች ይልቅ ይቀላል። ተቀናቃኝ ሳይታገል ደረቱን አይቶ ሳያመዛዝን አይቀርም።

ታዲያ መሳቅ ነውር ነው? አይደለም። ምልክት ምክንያቱ ከሌለበት ቦታ ሲገባ በእርግጥ ያስቃል። እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው የባትማን ፊልም ተዋናዩ በጎማ በተሠራው ልብስ አንገቱን ማዞር አልቻለም፤ ለወረቀት የተሣለ ልብስ ሰው ሲለብሰው የሚሆነው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ፊልም ባትማን ራሱ አንገት የሚያዞር ልብስ እንዲሠራለት ጠየቀ። እንዲህ በልብሱ መሳቅ ለምን እንደተሠራ ካወቀ ሰው የመጣ ነውና ያሻሽላል። ሳያነቡ መሳቅ ግን ያጠፋል፤ የቆየ ሥዕል «የሕፃን ሥራ» ተብሎ ከተናቀ ከላዩ አዲስ ቀለም ለመቀባት ወይም ከውጭ የመጣ የታተመ ምስል ለመለጠፍ የሚያቅማማ አይኖርም።

ስለዚህ በደረስጌ ግድግዳም ሆነ በአሮጌ መጽሔት ፊት የሚቆም ሰው ከመፍረዱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ለማን ተሣለ? በምን ተሣለ? ተመልካቹ በአንድ እይታ ምን እንዲያውቅ ተፈለገ? ልጆችን ወደ ደረስጌ ይዞ የሚሄድ መምህር እነዚህን ጥያቄዎች ቢያስቀድም፣ ልጆቹ በሥዕሉ ቢስቁ እንኳ የሠዓሊውን ሐሳብ ተረድተው ይስቃሉ፤ ነገ ቤተ ክርስቲያኗ ስትታደስ የትኛው ግድግዳ መነካት እንደሌለበት የሚናገሩትም እነሱ ይሆናሉ።