ማን ይቀንስ? የጎንደር ማዕድ፣ የስኳር በሽታና የተልባ ዳቦ

ዱቄትን መቀነስ ለአንዱ ሕክምና ሲሆን ለሌላው ጉዳት ነው። ጎንደርና ዙሪያዋ ሁለቱንም ያውቃሉ።

በጎንደር ከተማ የበዓል ማዕድ ያለ ድፎ ዳቦ አይሞላም። በዳባትና በደባርቅ ደጋ ደግሞ ገብስ ቂጣም፣ በሶም፣ ጠላም ነው። እንዲህ ባለ አገር «ካርቦሃይድሬት ቀንስ» የተባለ ሰው ታዲያ ምን ልብላ ብሎ ቢጨነቅ አይፈረድበትም።

ምክሩ አሮጌ ነው። ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921 ከመገኘቱ በፊት ሐኪሞች የስኳር ሕመምተኛን የሚረዱት በዋናነት ምግቡን በመቀነስ ነበር። ዛሬም ውፍረትና ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ ላለባቸው ብዙ ሰዎች ካርቦሃይድሬትን በቀን ከ130 ግራም በታች ማድረግ የደም ስኳርንም ክብደትንም ለማውረድ ይረዳል።

መልሱ በጓዳ አለ

ለዚህ አመጋገብ ከውጭ የሚመጣ ውድ የአልሞንድ ዱቄት መፈለግ አያስፈልግም። የመተማ ቆላ ሰሊጥ በዓለም ገበያ በጎንደር ስም ይሸጣል፤ ተልባም የደጋው የራሱ ሰብል ነው። 100 ግራም የስንዴ ዱቄት 75 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ይይዛል። የተልባው 29 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ከዚያም 27ቱ የደም ስኳርን የማይጨምር አሰር ነው።

ከተልባና ከሰሊጥ ለምንጋግረው ዳቦ ጣፋጭነቱን ከትኩስ ፍሬ እንውሰድ፤ ምርጫው ግን ልዩነት አለው። በ100 ግራም ሙዝ 23፣ ማንጎ 15፣ ዘይቱን 14፣ ኮክ 10፣ እንጆሪ 8 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አላቸው። ዘይቱን 5 ግራም አሰር ስላለው ከማንጎ ይሻላል። ፍሬው ተቆራርጦ ይገባል እንጂ ተጨምቆ ጁስ አይሆንም።

የተልባና የሰሊጥ ዳቦ በዘይቱን

አንድ ኩባያ ተኩል የተፈጨ ተልባ፣ ግማሽ ኩባያ ተቆልቶ የተፈጨ ሰሊጥ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ጥቂት ጨው ቀላቅሉ። አምስት እንቁላል በደንብ መትታችሁ ከግማሽ ኩባያ ውኃና ከሩብ ኩባያ ዘይት ጋር ጨምሩበት። ተልባው ውኃውን እንዲመጥ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት። ፍሬው ወጥቶለት የተከተፈ አንድ ኩባያ ዘይቱን ከላይ በትኑና በ180 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ መሐሉ እስኪደርቅ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ጋግሩ።

ቤኪንግ ፓውደሩን ያሳነስነው በምክንያት ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ሊጡ ፈጥኖ ይነፋና መልሶ ይወድቃል። ደባርቅ ላይ ደግሞ ከዚህም ማነስ አለበት። በጾም እንቁላሉ ይቅርና ተልባው በውኃ ሲዝለገለግ ሊጡን ራሱ ያያይዘዋል፤ ስለማይነፋ ግን እንደ ቂጣ ሳስቶ ይጋገር።

መቀነስ የሌለበት ሰው

የጎንደር ሐኪሞች ተሞክሮ ለዚህ ሁሉ ወሰን ያበጅለታል። እ.ኤ.አ. በ2009 ዲያቤቶሎጂያ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ የጎንደርና የጅማ ታካሚዎችን የተመለከተ ጥናት አንድ ጥያቄ አነሣ። ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ብዙ የገጠር ታካሚዎች ድሆችና የሰውነት ክብደታቸው ያነሰ ነበሩ። ታዲያ በሽታው ከምግብ እጥረት ጋር ይያያዝ ይሆን? እ.ኤ.አ. በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር በሽታ ዓይነት አምስት ብሎ ተቀበለው።

ስለዚህ ከተሜው ክብደት ያወረደበትን ምክር ለከሳው የገጠር ዘመዱ ማሸከም የለበትም። ያ ሰው የሚያስፈልገው በቂ ምግብ፣ እንቁላልና ጥራጥሬ፣ የማይቋረጥ መድኃኒትና የሐኪም ክትትል ነው። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የሚወስድ ማንኛውም ሰውም መጠኑ ሳይስተካከልለት እንጀራውን በድንገት ቢቀንስ ስኳሩ አደገኛ በሆነ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። የተልባው ዳቦ ለሁሉም ቤት ይስማማል፤ ከገበታ ምን ይነሣ የሚለው ግን ለእያንዳንዱ ሰው ከሐኪሙ ጋር ተመክሮ የሚወሰን ነው።